ስምንቱ ጨዋታ የት ገባ?

ሆሊውድ ሞት ላይ ጎበዝ ነው፤ ሐዘን ላይ ግን ይሰንፋል። ሞት ለካሜራ ይመቻል። አንድ ምሽት፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል። ሐዘን ዓመታት ይፈጃል፤ ዓመታትን አጣጥፎ ሁለት ሰዓት ውስጥ መክተት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ስለዚህ የፊልም ሰዎች ሐዘን ሲገጥማቸው አንድ የታወቀ ዘዴ አላቸው። በድል ይቀይሩታል።

ይህን የሚያስብለኝ «ዊ አር ማርሻል» የተባለው ፊልም ነው። «እኛ ማርሻል ነን» እንደ ማለት ነው። በ2006 ወጣ፤ ማክጂ በሚል ስም የሚታወቀው ዳይሬክተር ሠራው፤ ጄሚ ሊንደን ጻፈው፤ ማቲው ማኮናሂ ዋናውን ሰው ሆኖ ተጫወተበት። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) ስለ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን፣ በተለይም ስለ አንድ የውድድር ዓመት ይተርካል። አይታችሁት ያለቀሳችሁ አላችሁ። እኔም አልቅሻለሁ። እንባ ግን የፊልም ጥራት ማስረጃ አይሆንም፤ ሽንኩርትም ያስለቅሳል።

መጀመሪያ ታሪኩን እንያዝ።

ሃንቲንግተን በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1970 ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት። ማርሻል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚያ ነው። የቡድኑ ቅጽል ስም «ተንደሪንግ ኸርድ» ይባላል፤ በእኛ አፍ «ነጎድጓዳማው መንጋ» ብንለው ያስኬዳል። ስሙ ግርማ አለው። ቡድኑ ግን ለስሙ የሚበቃ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ 27 ጨዋታ በተከታታይ ድል ሳይቀምስ ከርሟል። በ1969 ደግሞ የተጫዋች ምልመላ ደንብ ጥሷል ተብሎ ከነበረበት ሊግ ተባረረ። በ1970ም ቢሆን ስምንት ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነበር።

ዘጠነኛው ጨዋታ ኖቬምበር 14 ቀን 1970፣ ቅዳሜ፣ በሰሜን ካሮላይናዋ ግሪንቪል ከኢስት ካሮላይና ጋር ነበር። 17 ለ 14 ተሸነፉ። ቡድኑ በዚያ ዓመት በአውሮፕላን የሄደው ለዚህ ጨዋታ ብቻ ነው። ማታ ሲመለሱ፣ በዝናብና በጭጋግ ውስጥ፣ የተከራዩት ዲሲ-9 አውሮፕላን ማረፊያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ኮረብታ ላይ ወደቀ። 75 ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ አንድም አልተረፈም። 37ቱ ተጫዋቾች፣ 8ቱ አሰልጣኞችና የስፖርት ክፍሉ ሰዎች፣ 25ቱ ቡድኑን ሊደግፉ አብረው የሄዱ የከተማው ሰዎች፣ 5ቱ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ነበሩ። መርማሪዎች በኋላ እንደ ደመደሙት፣ አውሮፕላኑ ምድሩ ሳይታየው ከተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ በታች ወርዶ ነበር። 70 ልጆች ቢያንስ አንድ ወላጃቸውን አጡ፤ 18ቱ ሁለቱንም።

ከሟቾቹ መካከል የስድስቱን ተጫዋቾች አስከሬን ማን የማን እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም። ስፕሪንግ ሂል በሚባለው የከተማው መቃብር ጎን ለጎን ተቀበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንመልከት። አብረው ከሄዱት ከእነዚያ 25 የከተማ ሰዎች ውስጥ አንዱም ዋንጫ ሊያይ አልሄደም። የሚከተሉት ቡድን ከስምንት አምስቱን የተሸነፈ ነው። ሥራቸውን ትተው፣ ልጆቻቸውን ለሰው አደራ ሰጥተው የሄዱት ቡድኑ የእነሱ ስለ ሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቡድኑ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚል ነበር። ይቅር ያሉ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ልጁን የቀበረ አባት፣ የልጁን ማሊያ ሌላ ልጅ ለብሶት ሲሮጥ ማየት ባይፈልግ ማን ይፈርድበታል? ይቀጥል ያሉትም እንዲሁ። በመጨረሻ ይቀጥል ተባለ። ቡድን ግን አልነበረም። ተጎድተው ወይም በሌላ ምክንያት ሳይሄዱ የቀሩ ጥቂት ተጫዋቾች አሉ። ከእነሱ ሌላ የቀሩት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፣ እኛ ፍሬሽማን የምንላቸው ናቸው።

ፍሬሽማኖቹ ለምን ቀሩ? በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን እንዳይሰለፍ ይከለክል ነበር። ትምህርቱን ይልመድ በሚል ነው። ስለዚህ አልተሳፈሩም። በዓመቱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ዴድመን ያንኑ ደንብ እንዲያነሳላቸው ማኅበሩን ለመኑ፤ አዲስ የሚገቡት ፍሬሽማኖች ካልተሰለፉ ቡድን መሙላት አይቻልምና። ማኅበሩ ፈቀደ። እንግዲህ በ1970 ልጆቹን ከሞት ያተረፈው ደንብ፣ በ1971 ቡድኑ እንዲተርፍ ተነሳ ማለት ነው። ልብ ወለድ ደራሲ ይህን ፈጥሮ ቢጽፈው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

አሰልጣኝ ሆኖ የመጣው ጃክ ሌንጄል ከኦሃዮ፣ ዉስተር ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። ረዳቱ ሬድ ዶውሰን በዚያ ምሽት አውሮፕላኑ ውስጥ ያልነበረው ለተጫዋች ምልመላ በመኪና ሄዶ ስለ ነበር ነው። አምበል የሆነው ኔት ራፊን ደግሞ በጉዳት ምክንያት ከጉዞው የቀረ ተጫዋች ነው። የጎረቤቱ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ቦቢ ባውደን ቤቱን ከፍቶ የአጨዋወት ስልቱን አሳያቸው። ለተፎካካሪ ምስጢርን መስጠት በዚያ ስፖርት የተለመደ አይደለም። ባውደን ግን ሰጠ።

ለማያውቀው ሰው፣ ይህ ፉትቦል የእኛ እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፤ በእጅ ትያዛለች፤ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው አካል ለአካል እየተላተሙ መሬት ይነጣጠቃሉ። አራት ሙከራ አለህ፤ በአራቱ ውስጥ አሥር ያርድ ካልገፋህ ኳሱን ለሌላው ትለቃለህ። ጉልበት ይጠይቃል። የ18 ዓመት ልጅ ከ22 ዓመት ጎረምሳ ጋር ሲላተም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የማርሻል የ1971 ቡድን እንዲህ ያለ ነበር። «ወጣቱ ነጎድጓዳማ መንጋ» ተባለ።

ዓመቱ አሥር ጨዋታ ነበረው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የለመደብኝ ነገር ስላለ፣ አሥሩን ጨዋታ እንደ አሥር ምዕራፍ አድርጌ ነው የማየው።

ምዕራፍ አንድ፣ ሞርሄድ ስቴት፤ 29 ለ 6 ተሸነፉ። ምዕራፍ ሁለት፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1971፣ በሜዳቸው፣ ከዘቪየር ጋር። 13 ለ 9 እየተመሩ ሰዓቱ አለቀ ሲባል፣ ኳርተርባኩ ሬጂ ኦሊቨር ለቴሪ ጋርድነር አጭር ኳስ አቀበለ፤ ጋርድነር ይዞ ሮጦ መስመሩን ተሻገረ። 15 ለ 13። ኦሊቨር ባለፈው ዓመት ፍሬሽማን ስለ ነበር ያልሄደ ልጅ ነው። ጋርድነር ደግሞ በዚያው ዓመት ፍሬሽማን ሆኖ የተፈቀደለት ነው። የደንቡ ሁለት ፊት በአንድ ቅብብል ተገናኘ።

ምዕራፍ ሦስት፣ በሳምንቱ፣ የኦሃዮው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ። 66 ለ 6 ተሸነፉ።

ከዚያ ሽንፈቱ ቀጠለ። በኦክቶበር መጨረሻ ቦውሊንግ ግሪንን 12 ለ 10 አሸነፉ። ሌላ ድል የለም። የዓመቱ ድምር ሁለት ድል፣ ስምንት ሽንፈት።

ፊልሙ የሚያልቀው ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው። ጋርድነር መስመሩን ይሻገራል፤ ሙዚቃው ይነሳል፤ ሰው ሜዳውን ያጥለቀልቃል። የቀረው ሁሉ በማብቂያው ላይ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ትረካ ይታለፋል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ስምንቱ ጨዋታ የት ገባ?

ፍርደ ገምድል እንዳልባል የፊልሙን መልካም ጎን አስቀድሜ ልናገር። አደጋውን በጨዋነት ነው የያዘው። ፍንዳታና የተበታተነ ገላ አልቸበቸበም፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ያሉትን ልጆች ሳቅና ጨዋታ ያሳየናል፤ ከዚያ ጨለማ ነው። ዴድመንን ሆኖ የተጫወተው ዴቪድ ስትራቴርን ሥልጣን የከበደውን ለስላሳ ሰው በሚገባ አሳይቷል። ዶውሰንን የተጫወተው ማቲው ፎክስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ትንሽ ነው የሚናገረው። ከሞት በአጋጣሚ የተረፈ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? የራሱን መትረፍ እንደ ዕዳ ተሸክሞ የሚዞርን ሰው በትከሻው አጎነባበስ ብቻ ነግሮናል። ማኮናሂ ከሱ አጠገብ ሲቆም ቃል ይበዛበታል።

ፊልሙ የፈጠራ ሰዎች ጨምሯል። ልጁን አጥቶ ቡድኑ እንዲቀር የሚታገለው ባለጸጋ፣ እጮኛዋን ያጣችውና ታሪኩን የምትተርክልን ወጣት፣ በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ የሉም። በዚህ አልከሰውም። ፈጠራ ከውሸት ይለያል፤ የ70 ልጆችን ሐዘን በአንድ አባት ፊት ላይ ማሳየት የጥበብ ተራ ሥራ ነው። ክሴ ፊልሙ በጨመረው ነገር የመጣ አይደለም። የቆረጠው ነው ያሳዘነኝ።

ፊልሙን በራሱ አፍ ልያዘው። መሃል አካባቢ አንድ ግሩም ትዕይንት አለ። ዶውሰን ተስፋ ቆርጦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጧል። ሟቹ የቀድሞ አሰልጣኝ ማሸነፍ ብቻ ነው ዋጋ ያለው ይል እንደ ነበር፣ ይህ ቡድን ደግሞ ማሸነፍ እንደማይችል ይናገራል። ሌንጄል ሲመልስለት፣ ያ አባባል ለሌላ ጊዜ እውነት ሊሆን እንደሚችል፣ አሁን ግን ቁም ነገሩ መገኘታቸው፣ ማሊያውን ለብሰው ሜዳ መውጣታቸው፣ ቡድኑ እንዳይሞት ማድረጋቸው እንደ ሆነ ይነግረዋል። የፊልሙ ጭብጥ ይኸው ነው። አንድ ጥሩ ድርሰት ጭብጡን በአንዱ ገጸ ባሕርይ አፍ ሲያስቀምጥ፣ ቀጥሎ ሴራው ያንን ጭብጥ መሸከም አለበት።

ታዲያ ሴራው ምን ያደርጋል? ማሸነፍ ዋና ነገር አይደለም ካለን በኋላ በመጨረሻዋ ሰከንድ በተገኘ ድል ይደመድማል። አፉ «መገኘት ይበቃል» ይላል፤ እጁ ግን የውጤት ሰሌዳውን ይጠቁማል። ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ይዞ የሚወጣው የትኛውን ነው? ስትራቴርን ወይም ፎክስ የተናገሩትን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው።

ፊልሙ በራሱ ጭብጥ ቢያምን ኖሮ የግድ ምዕራፍ ሦስትን ማሳየት ነበረበት። እስቲ አስቡት። ቅዳሜ ዕለት ዓለም የተመለሰች ይመስላል፤ የሞቱት በደስታ የተዘከሩ ይመስላል። በሳምንቱ ቅዳሜ ያው ልጆች፣ ያው ማሊያ፣ 66 ለ 6። ነጥቡ ሠላሳ ሲደርስ ገና ጨዋታው አላለቀም። ሃምሳ ሲደርስም አላለቀም። እስከ መጨረሻው ቆሙ። በቀጣዩ ሳምንትም ተመልሰው ወጡ። ጀግንነት ፈልግ ብትሉኝ እዚህ ነው የምፈልገው። በመጨረሻዋ ሰከንድ መስመር የተሻገረ ልጅ ቢደሰት ምን ይገርማል? ስድሳ ስድስት ገብቶበት ሰኞ ልምምድ ላይ የተገኘውን ልጅ ነው ማወቅ የምፈልገው። ሌንጄል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተናገረለት ልጅ እሱ ነውና። ፊልሙ ግን አላስተዋወቀንም።

«ሴራ ጡዘት ይፈልጋል፤ ጡዘቱ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቢመጣ ዳይሬክተሩ ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። የተማሪዎቼ ጥያቄ ይመስላል፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። መልሴ፣ ጡዘቱን የቱ ጋ እንደምናስቀምጥ የሚወስነው ታሪኩ ስለ ምን እንደ ሆነ ነው የሚል ነው። ታሪኩ ስለ ውድድር ከሆነ ዘቪየር ልክ ነው። ታሪኩ ስለ ሐዘን ከሆነ ግን ጡዘቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

የእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው። «እርም ማውጣት» እንላለን። ሞቶ ያልተለቀሰለት፣ ርቆ የሞተ፣ አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ሲኖር፣ ዘመድ ተሰብስቦ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። ያ ግን የሐዘኑ ፍጻሜ አይደለም። ሰልስት አለ፤ አርባ አለ፤ ሰማንያ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። ሰው ሐዘኑን ተመልሶ የሚጎበኝበት ቀን ተቆርጦለታል። ያዘነ ሰው «እስከዚህ ቀን ድረስ ጨርስ» አይባልም፤ «በዚህ ቀን እንመጣለን» ይባላል።

የ1971 ዓመት ለሃንቲንግተን እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል። አሥር ቅዳሜ። ከተማው ስታዲየም የሚሄደው እንደ ለቅሶ ደራሽ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ስንት ለስንት ሆናችሁ?» የሚል የለም። ይገባል፤ ይቀመጣል፤ አብሮ ይቆያል፤ ይወጣል፤ ደግሞ ይመጣል። ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ይገባል። ሦስት ብቻ ያሸነፈ ቡድን ተከትለው የሞቱት 25 ሰዎች፣ ያ ከተማ ቡድኑን ለመውደድ ድል ጠይቆ እንደማያውቅ ምስክር ናቸው። የሞቱት ልጆች የመጨረሻ ጨዋታም ሽንፈት ነበር። ታዲያ በሽንፈት የተወደዱ ሰዎች መታሰቢያቸው ለምን በድል ብቻ ይሆናል?

ፊልሙ ውስጥ ከዘቪየር ጨዋታ በፊት ሌንጄል ልጆቹን ወደ ስድስቱ መቃብር ይወስዳቸዋል። እዚያ ቆሞ የሚያደርገው ንግግር፣ ለቅሶው ዛሬ ያበቃል የሚል ነው። ታዳሚው የሚያጨበጭብበት ቦታ ይህ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። ለቅሶውን በአዋጅ የሚያስቆም ማነው? ከየትስ ያመጣው ሥልጣን ነው? አሰልጣኝ ልጆቹን ሊያነቃ ብሎታል እንበል፤ ፊልሙ ግን አባባሉን አምኖ ተቀብሎ፣ ቀጥሎ በሚመጣው ድል ማኅተም ያደርግበታል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ በርትተህ አሸንፍ፣ ሐዘንህም ያበቃል።

እስቲ እውነቱ ምን እንደ ሆነ እንይ። ሌንጄል አራት ዓመት አሰለጠነ፤ 9 አሸንፎ 33 ተሸንፎ ሄደ። ዶውሰን ያንን አንድ ዓመት ረድቶ አሰልጣኝነቱን ተወ፤ ኑሮውን በግንባታ ሥራ ገፋ። ማርሻል ከሽንፈቱ ይልቅ ድሉ የበዛበት ዓመት እስኪያይ 1984 መድረስ ነበረበት። ከአደጋው 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በርግጥ ዘመኑ ተለወጠ፤ በ1992 እና በ1996 በነበሩበት ደረጃ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በ1999 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ጨረሱ። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ግን በ1971 የተጫወተ ልጅ በ1992 የመጣውን ዋንጫ እንደ ደመወዝ ሊቀበል አይችልም። የሱ ድርሻ ሁለት ለስምንት ነው። ያ ድርሻ ክብር ሊነፈገው አይገባም።

ኔት ራፊንን እዩት። በፊልሙ አንቶኒ ማኪ ነው የተጫወተው፤ ቡድኑ እንዲቀጥል የሚታገል እሳት የላሰ ወጣት። እውነተኛው ራፊን በ2001 በካንሰር ሞተ። የተቀበረው ስፕሪንግ ሂል ነው፤ ከስድስቱ አጠገብ። ሳይሄድ ከቀረበት ጉዞ 31 ዓመት ኖሮ፣ የመጨረሻ ቦታው ከቡድኑ ጋር ሆነ። ለቅሶው በ1971 በዘቪየር ዋዜማ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ይህ መቃብር እዚያ ባልኖረ ነበር።

ደግሞ ፏፏቴው አለ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሃሪ በርቶያ የሚባለው ቀራጺ የሠራው የመታሰቢያ ፏፏቴ በ1972 ተመርቋል። ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ይበተናል፤ ይወርዳል። በየዓመቱ ኖቬምበር 14 ሕዝቡ ዙሪያውን ይቆማል፤ ሥርዓቱ ይከናወናል፤ ከዚያ ውሃው ይዘጋል። እስከ ጸደይ ድረስ ደረቅ ሆኖ ይከርማል። ጸደይ ሲመጣ እንደገና ይከፈታል። በሚቀጥለው ኖቬምበር ደግሞ ይዘጋል።

ለእኔ ከፊልሙ የሚበልጠው ድርሰት ይህ ፏፏቴ ነው። ሁለቱንም ያውቃል። ውሃው እንደሚመለስ ያውቃል፤ ሐዘኑም እንደሚመለስ ያውቃል። አንዱን በአንዱ አላሸነፈም። ለክረምት ዝምታ ቦታ ሰጥቷል። አንድ ማኅበረሰብ ሐዘኑን እንዲህ አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ የተጎዳ ሰው ደረቁን ወራት እንዲኖር ፈቃድ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ አልሸሸውም። ፊልሙ መጀመሪያ የታየው እዚያው ሃንቲንግተን ነው፤ ዲሴምበር 2006፣ ኪት-አልቢ በሚባለው በጥንታዊው ቲያትር ቤታቸው። «ባለ ሐዘኖቹ ከተቀበሉት አንተ ከሩቅ ቆመህ ማን ነህ?» ብትሉኝ መልስ አለኝ። የከተማው ሰው የቀሩትን ስምንት ጨዋታዎች በቃሉ ያውቃቸዋል። ፏፏቴው አለው፤ መቃብሩ አለው፤ ያ ልጅ ያደገበትን ሰፈር ያውቃል። ለእሱ ፊልሙ ከትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የተቀደደ አንድ ጥሩ ገጽ ነው። የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ለእኛ ለሩቆቹ ግን መጽሐፉ ያ ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሂሱ ለሃንቲንግተን ሰዎች አይደለም፤ ለእኔና ለእናንተ ነው። በዚያች አንድ ገጽ ተምረን ወደ ቤታችን፣ ወደ ጎረቤታችን ሐዘን የምንሄደው እኛ ነን።

አደጋው እዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሰዎችን ያሠለጥናሉ። ካየናቸው በኋላ ያዘነን ሰው በትዕግሥት ማየት ያቅተናል። ስድስት ወር ሆነው፣ አሁንም ፊቱ አልፈታም፤ «ምን ነካው? በርታ እንጂ!» እንላለን። ልጇን ያጣች እናት በዓመቱ ሥራ ጀምራ፣ ተምራ፣ አንድ ድርጅት አቋቁማ ካላየናት ተሸነፈች ብለን እንጽፋታለን። ሐዘንተኛ ሁሉ በመጨረሻ ሰከንድ ኳስ ይዞ መስመር እንዲሻገር እንጠብቃለን። የሚሻገር አለ። የማይሻገረው ግን ይበዛል፤ ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ይሸነፋል፤ በነጋታው ደግሞ ይወጣል። ለዚህ ሰው ፊልም የለውም። «እግዚአብሔር ያጽናህ» የምንለው ለእሱ ነው። አባባሉን ልብ በሉት፤ ጽናትን ነው የሚለምነው፤ ድልን አይደለም።

የውድድር ዓመት ጥሩ ነገር አለው። ካሸነፍክም ከተሸነፍክም መርሐ ግብሩ ይቀጥላል። ስድሳ ስድስት ገባብኝ ብለህ የሚቀጥለውን ቅዳሜ አታስቀርም። ዘቪየርን አሸነፍኩ ብለህም ማያሚን አትዘልም። ማክጂ ግን ዘለለ።

ፊልሙን ካላያችሁት እዩት፤ ፎክስን ለማየት ብቻም ቢሆን ያስቆጫል። ሰው ሜዳውን ሲያጥለቀልቅና ሙዚቃው ሲነሳ ግን ገና ስምንት ጨዋታ እንደቀረ አስታውሱ። በሳምንቱ ማያሚ ነው።